መሰላሉን ማን አቆመው?

በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአንድ አባል የቀረበ ንግግር



 እንደምታውቁት እኔ የተማርኩ ተናጋሪ አይደለሁም። ከ30 ዓመት በላይ በግንበኝነትና በካፖነት እንጀራዬን የበላሁ፣ ዛሬ ግን ጉልበቴ ስለ ደከመ ቤት የዋልኩ ሰው ነኝ። በዚህ ሰፈር ካሉት ቤቶች ጥቂቶቹን እኔ ሠርቻለሁ፤ ከእናንተም መካከል ሰርቪስ ቤታችሁን የሠራሁላችሁ አላችሁ። ጣሪያው የሚያፈስበት ካለ ከስብሰባው በኋላ እንነጋገራለን።

ጸሐፊያችን «ለመጽሔታችን የሚሆን አንድ ነገር ተናገር» ባሉኝ ጊዜ ርእስ ፍለጋ አልደከምኩም። ብዙ ዓመት በሆዴ የያዝኩት ነገር አለና። እሱም በትንንሽ የቤት ሥራዎች ላይ ሰው ከመሰላል፣ ከርብራብና ከጣሪያ ስለ መውደቁ ነው። «ይሄ ደግሞ ከዕድር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። ዕድር የቆመው ሟችን ለመቅበርና ሐዘንተኛን ለማጽናናት ነው፤ ልክ ነው። ነገር ግን ሰውን በክብር መቅበር የሚያውቅ ማኅበር፣ በገመድና በጣውላ ሊቀር የሚችለውን ሞት ቆሞ ማየት የለበትም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ!

ሀ. በ2001 ዓ.ም. የሆነው ነገር

ጊዜው በ2001 ዓ.ም. የሰኔ ወር ነበር። አንድ ቤት ጨርሰን ለማስረከብ የቀረን የጣሪያው አሸንዳ ብቻ ነው። ሰማዩ ጠቁሯል። የቤቱ ባለቤት ዕቃቸውን ጭነው ለመግባት ቸኩለዋል፤ እኔም የመጨረሻውን ክፍያ ለመቀበል ቸኩያለሁ። መሰላላችን እዚያው ሥራ ቦታ ከሁለት አጣናና ከሞራሌ ቁርጥራጭ በሚስማር የተመታ ነበር። ለግድግዳው ደኅና አገልግሎናል፤ ለጣሪያው ጠርዝ ግን በግማሽ ሜትር ያህል አጠረ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ሁለት ብሎኬት አነባብሬ መሰላሉን በላያቸው አቆምኩት።

ከቀን ሠራተኞቹ መካከል አንድ ከገጠር የመጣ፣ ዕድሜው 20 ዓመት ገደማ የሆነ ልጅ ነበር። ሥራ አይመርጥም፤ ባሬላ ሲሸከሙ የፊቱን እጀታ የሚይዘው እሱ ነው። «ውጣና ያችን አሸንዳ ያዝለት፤ ለአንድ አፍታ ነው» አልኩት። መሰላሉን ቀና ብሎ አየና ወደ እኔ ዞረ። ምንም አላለም። የቀን ሠራተኛ ካፖውን ምን ይለዋል? እምቢ ቢል ነገ ቦታው የሌላ ሰው ነው። ወጣ።

አሸንዳውን ለመያዝ ወደ ጎን ሲንጠራራ ከታች ያለው ብሎኬት ተንከባለለ፤ መሰላሉም ሾለከ። ከፍታው ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ልጁ ከተከመረው ብሎኬት ላይ በጀርባው ወደቀ። እኛም ደንግጠን አንዱ እጁን፣ አንዱ እግሩን ይዘን እንደ ጆንያ አነሣነውና ፒክአፕ መኪና ላይ ጫንነው። ሐኪሞቹ አከርካሪው ተሰብሮ ነርቡ እንደ ተጎዳ፣ ዳግመኛ በእግሩ እንደማይሄድ ነገሩን። ያን ጉዳት ያደረሰበት መውደቁ ይሁን ወይስ የእኛ አነሣሥ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ይህን ጥያቄ ይዤው እተኛለሁ፤ ይዤው እነሣለሁ።

ሰው ሁሉ ሊያጽናናኝ መጣ። «ዕጣ ፈንታው ነው፤ ምን ታደርገዋለህ?» አሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ስሰማ ልቤ ቀለል አለው፤ ዕጣ ፈንታ ከሆነ የኔ ጥፋት አይደለማ! በሦስተኛው ሳምንት እናቱ ከአገራቸው መጡ። ከሆስፒታሉ በር ላይ አገኘኋቸው። ይጮሁብኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልረገሙኝም። ረጋ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ መሰላሉን ማን አቆመው?» አሉኝ። እኔም «ሠራተኞቹ ናቸው» አልኳቸው። ዋሸኋቸው።

ልብ በሉ፤ እኚያ እናት ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ከሁላችንም የበለጠ ነገሩ ገብቷቸዋል። ልጃቸው ለምን አልተጠነቀቀም አላሉም። የጠየቁት ስለ መሬቱ ነው። ሰው ከላይ ይወድቅ እንጂ፣ መውደቁ የሚወሰነው እሱ ገና ሳይወጣ መሬት ላይ ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ቁም ነገር ይኸው ነው።

ሌላም ነገር አለ። የዕድራችን መተዳደሪያ ደንብ አባል ሲሞት፣ የአባል ወላጅ ወይም ልጅ ሲሞት ምን እንደሚከፈል ያውቃል። ለዚያ ልጅ ግን ጡሩምባ አልተነፋም፤ አባልም አልነበረም፣ ደግሞም አልሞተም። ከወገቡ በታች ብቻ ለሞተ ሰው ደንባችን ዝም ይላል።

ለ. ከፍታው ትንሽ ነው አትበሉ

ብዙ ሰው «ከዚህማ ቢወደቅ ምን ይሆናል?» ይላል። እስቲ እንቁጠረው። 2 ሜትር ማለት የአንድ በር ቁመት ያህል ነው። ከዚያ የወደቀ ሰው መሬት ለመድረስ የሚፈጅበት 0.6 ሰከንድ ገደማ ነው፤ መሬቱን የሚመታውም በሰዓት ወደ 22 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ከ4 ሜትር ሲሆን ጊዜው 0.9 ሰከንድ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 32 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሰፈራችን መንገድ ታክሲ በዚያ ፍጥነት ሲመጣብን ዘለን እንሸሻለን አይደል? ከመሰላል የወደቀ ሰው ግን የሚሸሽበት የለውም። ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቅልጥፍናም ጉብዝናም አይሠራም። «ልጁ ቀልጣፋ ስላልሆነ ነው» ማለት ስሕተት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በዚህም ምክንያት በብዙ አገሮች የመውደቅ መከላከያ ግዴታ የሚሆነው ከ2 ሜትር ጀምሮ ነው። በአሜሪካ የግንባታ ሥራ ደንብ ደግሞ ከ6 ጫማ፣ ማለትም ከ1 ሜትር ከ80 ገደማ ይጀምራል። እንግዲህ የእኛ ሰርቪስ ቤት ጣሪያ ሳይቀር እዚህ ውስጥ ይገባል። ትልልቅ ተቋራጮች ለዚህ ጉዳይ የተመደበ ሰው አላቸው። በትንሹ ሥራ ላይ ግን ባለቤት፣ ካፖ፣ ግንበኛና የቀን ሠራተኛ ብቻ ናቸው ያሉት። የተመደበ ሰው ከሌለ የተመደብነው እኛ ነን ማለት ነው።

ሐ. ስለ መሰላል

መሰላል መንገድ ነው እንጂ የሥራ ቦታ አይደለም። ለመውጣትና ለመውረድ፣ ቢበዛም ለአጭርና ለቀላል ሥራ ነው። ግድግዳ መለሰን ወይም ብሎኬት መደርደር በመሰላል ላይ አይሠራም፤ ለዚያ ርብራብ አለ። በመሰላል የሚወጣ ሰው ሊያውቅ የሚገባው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ጠዋት ጠዋት ይመርመር። መርገጫው የላላ፣ ቋሚው የተሰነጠቀ ወይም የነቀዘ መሰላል ተሰብሮ ለማገዶ ይዋል እንጂ ጥግ አይቀመጥ። ጥግ የተቀመጠውን ነገ የማያውቅ ሰው አንሥቶ ይወጣበታል። መርገጫው በሚስማር ብቻ ከቋሚው ጎን የተመታ ከሆነ ክብደቱን የሚሸከመው እንጨቱ ሳይሆን ሚስማሩ ነው፤ ስለዚህ ቋሚው ተፈልፍሎ መርገጫው ይግባበትና ከዚያ ይመታ። የእንጨት መሰላል ቀለም አይቀባ፤ ቀለም ስንጥቁን ይደብቃልና።

ሁለተኛ፤ ማዘንበሉ ይለካ። ልኩ 4 ለ1 ነው። የመሰላሉ አናት የተደገፈበት ቦታ 4 ሜትር ከፍ ካለ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ሜትር ባትይዙ በሰውነታችሁ ለኩት፤ የጫማችሁን ጫፍ ከመሰላሉ እግር አስነክታችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙና እጃችሁን ወደፊት ዘርጉ። መዳፋችሁ በትከሻችሁ ትክክል ያለውን መርገጫ ከያዘ ልኩ ነው። በጣም ከተኛ እግሩ ይሾልካል፤ በጣም ከቆመ ሰውዬውን ወደ ኋላ ይጥላል።

ሦስተኛ፤ እግሩ ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ ይረፍ። በርሜል፣ ብሎኬት፣ የድንጋይ ክምር የመሰላል ማስረዘሚያ አይደሉም። ያጠረ መሰላል በሌላ መሰላል ይለወጣል እንጂ ከሥሩ ነገር አይደረግበትም፤ ሁለት መሰላልም በሽቦ አይቀጣጠልም። ወለሉ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ከሆነ ከእግሩ ፊት መከልከያ ይመታለት ወይም ይታሰር።

አራተኛ፤ አናቱ ይታሰር። ወደ ጣሪያ ወይም ወደ ሶሌታ የሚያወጣ መሰላል ከጠርዙ በላይ 1 ሜትር ያህል ይትረፍ። ሰው ከመሰላሉ ወደ ጣሪያው ሲሻገር ሊወድቅ ይችላል፤ እዚያ ላይ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ሰው ወጥቶ እስኪያስር ድረስ ሌላ ሰው ከታች ይያዝለት፤ የያዘውም ሰው ስልክ አያውራ።

አምስተኛ፤ ሲወጡም ሲወርዱም ፊት ወደ መሰላሉ ይሁን። ሁልጊዜ ሁለት እጅና አንድ እግር፣ ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ መሰላሉን ይንኩ። ባልዲና መዶሻ ይዞ የሚወጣ ሰው ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ስለዚህ ዕቃው በገመድ ይሳብ። ወደ ጎን መንጠራራት ክልክል ነው። የቀበቶአችሁ ዘለበት ከሁለቱ ቋሚዎች ውጭ ከወጣ ውረዱና መሰላሉን አዛውሩት። መጨረሻ ያሉት ሦስት መርገጫዎች የእጅ መያዣ ናቸው እንጂ የእግር መቆሚያ አይደሉም።

ስድስተኛ፤ ቀና ብላችሁ ሽቦ እዩ። በየመንደሩ የሚያልፈው ከፍተኛ መስመር 15 ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል፤ ሳይነኩትም ሲጠጉት ብቻ ሊመታ ይችላል። የብረትና የአሉሚኒየም መሰላል፣ ረጅም ፌሮና ቆርቆሮ ሁሉ ከዚያ ይራቁ። ስንት ሰው ከመሰላል ወደቀ ሲባል አስቀድሞ የመታው ኤሌክትሪክ ነው።

መ. ስለ ርብራብ፣ ስለ ጣሪያና ስለ ቀዳዳ

በከተማችን ርብራብ የሚሠራው በባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከመጣ ጀምሮ አዲስ አበባን ማገዶም ቤትም ሆኖ ያኖረ ስለሆነ እኔ አልወቅሰውም። የሚወቀሰው አቋቋሙ ነው። ቋሚዎቹ እርጥብ አፈር ላይ እንዲሁ ከተተከሉ ከዝናብ በኋላ ይሰምጣሉ፤ ከሥራቸው ጠፍጣፋ ጣውላ ይደረግ። አግድሙ ብቻውን አይበቃም፤ ከጥግ እስከ ጥግ የሚያልፍ ሰያፍ ማሰሪያ ከሌለው ርብራቡ እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዛል። ከሕንፃውም ጋር በየቦታው ይታሰር።

መቆሚያው ጣውላ ክፍተት ሳይኖረው ይደርደር። የጣውላው ጫፍ ከመሸከሚያው አልፎ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፤ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ግን አይውጣ። ብዙ የወጣ ጫፍ ሲረገጥ ይገለበጣልና። በውጭው በኩል ከ1 ሜትር ባላነሰ ከፍታ መደገፊያ አጣና ይታሰር፤ በመካከሉም ሌላ፣ ከሥርም ዕቃ እንዳይወድቅ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጣውላ ይመታ። ይህ ሁሉ ሦስት አጣናና ጥቂት ሽቦ ነው! እኔ ግን በሥራ ዘመኔ ሁሉ ይህን መደገፊያ «ሥራ ያደናቅፋል» እያልኩ ስንት ጊዜ አስቀርቻለሁ።

ጣሪያ ላይ የምትወጡ፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ የሚያፈሰውን ለመጠገን የምትቸኩሉ፣ ሁለት ነገር ያዙ። ለብርሃን ተብሎ የገባው የፕላስቲክ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያደርቀው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ በጭራሽ አይረገጥም። የብረቱንም ቆርቆሮ ቢሆን የሚስማሩን መስመር ተከትላችሁ ርገጡ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። ዝናብ የነካው ወይም ጤዛ ያለበት ጣሪያ እስኪደርቅ ይቆይ።

ሶሌታ ላይ ለደረጃ ወይም ለቧንቧ የተተወ ቀዳዳም አለ። ይህን ቀዳዳ ሰው ኮምፔርሳቶ ጣል አድርጎበት ይሄዳል። እሱ ከክፍት ቀዳዳ ይብሳል። ሌላው ሠራተኛ «ይህ ጣውላ ለምን ተጣለ?» ብሎ በሁለት እጁ አንሥቶ ወደፊት ሲራመድ ቀጥታ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ክዳኑ በሚስማር ይመታ፤ በላዩም «ቀዳዳ» ተብሎ በትልቁ ይጻፍበት።

ሠ. ስለ ቀበቶና ገመድ

ዛሬ የደኅንነት ቀበቶ በገበያ ይገኛል። ነገር ግን ሁለት ስሕተት አያለሁ። የመጀመሪያው ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው ነው። ሰው ወድቆ በወገቡ ሲንጠለጠል ቀበቶው ራሱ ሆድ ዕቃውንና አከርካሪውን ይጎዳል። በዚህ የተነሣ በአሜሪካ የግንባታ ሥራ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1998 ጀምሮ የሚወድቅን ሰው በወገብ ቀበቶ መያዝ ተከልክሏል። የሚያስፈልገው ትከሻን፣ ደረትንና ጭንን አንድ ላይ የሚይዘው ሙሉው ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የገመዱ ርዝመት ነው። 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ያለው ገመድ እግሩ አጠገብ የታሰረለት ሰው ሲወድቅ ገመዱ እስኪወጠር ይወርዳል፤ ማለዘቢያው ሲዘረጋ እስከ 1 ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ ከዚያ በታች ደግሞ የራሱ ቁመት አለ። ተደምሮ ከ5 ሜትር ያላነሰ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። የእኛ ቤት ጣሪያ 3 ወይም 4 ሜትር ነው። እንግዲህ ሰውዬው ገመዱ ሳይዘው መሬት ይደርሳል ማለት ነው! ስለዚህ በትንሽ ቤት ላይ ገመዱ ጭራሹን ጠርዙ ጋ እንዳያደርስ ተደርጎ አጥሮ ይታሰር። የሚታሰረውም በአሸንዳ ወይም በተመታ ሞራሌ ላይ አይደለም፤ በአርማታ ቋሚ ወይም በቢም ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሰው የያዘ ገመድና ቀበቶ ከዚያ በኋላ ይጣል። የተንጠለጠለም ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይውረድ፤ የጭኑ ማሰሪያ ደሙን ስለሚያግድበት ብዙ ከቆየ ሊሞት ይችላል።

«ይሄ ሁሉ ወጪ!» የሚል ካለ አንድ የታወቀ ነገር ልጥቀስ። በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ጎልደን ጌት የተባለው ድልድይ እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1937 ሲሠራ ዋናው መሐንዲስ ጆሴፍ ስትራውስ ከድልድዩ ሥር መረብ እንዲዘረጋ አደረጉ። ለዚያ ዘመን ብዙ ገንዘብ ነበር። መረቡ 19 ሰዎችን አዳነ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1937 ሠራተኞች የቆሙበት ርብራብ ተላቆ መረቡን ቀደደውና 10 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መረቡን ያዘዘ ሰው 19 ሰው ያዳነው ማንም ሳይወድቅ በፊት በወሰነው ነገር ነው፤ ደግሞም መረብም ሆነ ገመድ የደከመ ርብራብን አይተካም።

ረ. ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዛል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳትም አሠሪው የራሱ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። አገራችንም የሙያ ደኅንነትንና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላለች።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? በትንሹ ሥራ ላይ ሰው ሲወድቅ ባለቤቱ «እኔ ሥራውን ለካፖው ሰጥቻለሁ» ይላል፤ ካፖው ደግሞ «እኔም ተቀጣሪ ነኝ» ይላል። በመካከል የተጎዳው ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መሠረት ሳይቆፈር በፊት በወረቀት ይጻፍ፤ መሰላልና ጣውላ የሚያቀርበው ማን ነው? ሠራተኛ ቢጎዳ የሚያሳክመው ማን ነው? የእያንዳንዱ ቀን ሠራተኛ ስምና የቤተ ሰቡ ስልክ ይመዝገብ። እኛ የዚያን ልጅ እናት አፈላልገን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

ሰ. ሰው ከወደቀ

ከሁሉ በፊት አታንሡት! ይህን ለልጆቻችሁም ንገሩ። ይተነፍስ እንደሆነ እዩ፤ ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ጫኑት። አንድ ሰው በራስጌው ተንበርክኮ ጭንቅላቱንና አንገቱን በሁለት እጁ እንዳይንቀሳቀስ ይያዝለት። ልብስ ይደረብለት፤ ውኃ አይጠጣ። በአዲስ አበባ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ወደ እሳትና አደጋ ደግሞ በ939 ደውሉ። የተኛበት ቦታ የሚያሠጋ ሆኖ መነሣቱ የግድ ከሆነ ራሱ፣ ትከሻውና ወገቡ አንድ ላይ እንዲዞሩ ብዙ ሆናችሁ በዝግታ ገልብጣችሁ ሰፊ ጣውላ ወይም የተነቀለ በር ላይ አስተኙት። እጅና እግር ይዞ ማንጠልጠል የእኔ ስሕተት ነው፤ የእናንተ አይሁን።

ሸ. ለዕድራችን የማቀርበው ሐሳብ

የተከበራችሁ አባላት፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብኝ የሚሠራ ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ።

1ኛ. ዕድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ለአባላት ያውሳል። ከዚህ ጋር ሁለት ጥሩ መሰላል፣ የርብራብ ጣውላ፣ ጠንካራ ገመድና አንድ ሙሉ የደኅንነት ቀበቶ ገዝቶ በዕቃ ቤት ያስቀምጥ። ቤት የሚሠራም ጣሪያ የሚጠግንም አባል እየፈረመ ይውሰድ፤ ሲመልስ ይመርመር። የራሳችን ወጣቶችም ድንኳን ሲተክሉ አሮጌ መሰላል ላይ ሲንጠላጠሉ አይቼ ደንግጫለሁ። ለቀብር ተጠርተን ሌላ ቀብር እንዳንጠራ ያስፈራኛል። ዋጋውን ከሦስት ሱቅ ጠይቄ ለገንዘብ ያዣችን አቀርባለሁ።

2ኛ. በሰፈራችን ጡረታ የወጣን ግንበኞችና አናጢዎች አምስት ስድስት አንጠፋም። ሥራ የሚጀምር አባል ለዕድሩ ቢያስታውቅ ከመካከላችን አንዱ በመጀመሪያው ቀን ሄዶ መሰላሉንና ርብራቡን አይቶ ይመክረዋል። በነፃ ነው፤ ቡና ካፈሉልን ግን እምቢ አንልም።

3ኛ. በአባል ቤት ሥራ ላይ ለሚጎዳ የቀን ሠራተኛ ዕድሩ ጥቂትም ቢሆን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ደንቡ ሲሻሻል ይታይ። ከሩቅ መጥቶ የእኛን ጣሪያ የሚያለብስ ሰው በዚህ ከተማ ዕድር የለውም። ወገኑ እኛ ካልሆንን ማን ይሆናል?

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት። ያ ልጅ ዛሬ በአገሩ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ትንሽ ሱቅ ይዞ ይኖራል። ለእሱ እውነቱን ከሁለት ዓመት በኋላ ሄጄ ነግሬዋለሁ። ለእናቱ ግን ሳልነግራቸው ዐረፉ። የጠየቁኝ ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ ሳያገኝ ቀርቷልና በእናንተ በወገኖቼ ፊት ልመልሰው። መሰላሉን ያቆምኩት እኔ ነኝ። ብሎኬቱንም ያነባበርኩት እኔ ነኝ። «ለአንድ አፍታ ነው» ያልኩትም እኔ ነኝ።

ከእናንተ ነገ ሰው ወደ ጣሪያ የሚልክ ካለ፣ ከመላኩ በፊት መሰላሉን ራሱ ሄዶ ይነቅንቀው። ከተነቃነቀ ሰው አይውጣ።